አሥራ ሁለት ቀን ከእናቴ ክንድ ጋር

እናቴና አክስቴ በስምንት ዓመት ይበላለጣሉ። አያቴ ታማ በተኛችባቸው ዓመታት አክስቴን አዝላ ያሳደገቻት እናቴ ስለሆነች፣ እህትማማቾች ይባሉ እንጂ ነገረ ሥራቸው የእናትና የልጅ ነው። አክስቴ ዛሬ ሃምሳ ዓመት ሞልቷታል፤ ስልሳ ተማሪ በአንድ ጩኸት ጸጥ የምታሰኝ መምህርት ነች፤ እናቴን ግን አሁንም «እታለም» ነው የምትላት። እናቴ በበኩሏ «ጥሩምባ» ትላታለች። ስሙ የወጣላት ገና በጨቅላነቷ፣ አልቅሳ ሰፈሩን ሁሉ ስላስነሳች ነው አሉ። ድምፅዋ ከዚያ ወዲህም አልቀነሰም።

አደጋው የደረሰባቸው አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። እናቴ ልብስ ሰፊ ነች። የገበር ጨርቅ አልቆባት ልትገዛ ስትነሳ አክስቴ «እኔ ላድርስሽ» ብላ በትንሿ መኪናዋ ይዛት ሄደች። ሦስተኛው መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርሱ ፍሬን እንቢ ያለው የጭነት መኪና ከጎን መንገድ ወጥቶ ከፊታቸው ድቅን አለ። የአክስቴ መኪና አፍንጫዋ እንደ ወረቀት ተጨማደደ። ሁለቱም በሕይወት ወጡ፤ መኪናዋን ያየ ሁሉ «ከዚህ ውስጥ ነው የወጣችሁት?» ይል ነበር። አክስቴ ደረቷ በልዞ ሰነበተ እንጂ ሌላ ነገር አልነካትም። የእናቴ ግራ ክንድ ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ።

አጥንቱ በሦስት ወር ገጠመ። የቀረው ነገሯ ግን አልገጥም አለ። መኪና ውስጥ መግባት ቀርቶ መንገድ ዳር መቆም አቃታት። የፍሬን ድምፅ ስትሰማ እንጨት ትሆናለች፤ ዓይኗ ይፈጣል፣ ትንፋሿ ይቆማል፣ ግራ ትከሻዋ እስከ ጆሮዋ ይወጣል። ከጊዜ በኋላ ትከሻዋ ጭራሽ መውረዱን ተወው። የስፌት መኪናዋን በአሮጌ አንሶላ ሸፈነችው። ደንበኛ ሲመጣ «ክንዴን ያመኛል» ትላለች። እኔ ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ መድኃኒቷን የማመጣላት እኔ ነበርኩ፤ የማስታገሻው ክኒን ሳይነካ እንደተቀመጠ ስለማይ ሕመሙ የክንድ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ከሁሉ የገረመችኝ ግን አክስቴ ነች። በየቀኑ ትመጣለች፤ ዕቃ ታጥባለች፣ ልብስ ታጣጥፋለች፣ ነገር ግን አታወራም። ከእኔ ጋር ወጥ ቤት ስትሆን ያው የድሮዋ ነች፤ እናቴ ፊት ስትቀርብ ድምፅዋ ይጠፋል። ስለ አደጋው ሁለቱ አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። እናቴ ስለዚያች ቅጽበት የምታስታውሰው ነገር የላትም፤ ቢያንስ እኔን እንደዚያ ነበር ያለችኝ።

የክንዷን እንቅስቃሴ ሲከታተል የነበረው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ቀልድ የሚወድ ጎልማሳ፣ በስምንተኛው ወር እንዲህ አላት፤ «እትዬ፣ አጥንትዎ ላይ የቀረኝ ሥራ የለም። ትከሻዎ ግን እስካሁን ከመኪናው አልወረደም።» ከዚያም አድራሻ ጽፎ ሰጣት። ከከባድ አደጋና ድንጋጤ የተረፉ ሰዎችን በሰውነታቸው በኩል የሚያክሙበት ቦታ ነው፤ አሥራ ሁለት ተከታታይ ቀን፣ በቀን ሦስት ሰዓት።

እናቴ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«ደግሞ እዚያ ሄጄ ምን ሊያደርጉኝ ነው?»

«መጀመሪያ አተነፋፈስ ያሠሩሻል» አልኳት።

«እስካሁን በምን ስኖር ነበር?»

አክስቴ ከዕቃ ማጠቢያው ሳትዞር «እታለም፣ በሞቴ» አለች። ይህቺኑ ብቻ። እናቴ ለእኔ ልመና ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ትችላለች፤ አክስቴ «በሞቴ» ካለች ግን አለቀላት።

መኪና የማይታሰብ ስለሆነ በእግር ሊሄዱ ሆነ። ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር አጃቢዋ አክስቴ ነበረች። እኔ እንደ ፈረቃዬ አልፎ አልፎ እቀላቀላቸዋለሁ፤ ያላየሁትን ከሁለቱ አፍ ሰምቼዋለሁ፣ ያውም ሁለት ሦስት ጊዜ። መኪና የሚበዛባቸውን መንገዶች ትተው በጓሮ በጓሮ ይሄዳሉ፤ አንዱን ሰፊ መንገድ ለመሻገር እናቴ ጉልበቷ እየተንቋቋ ስልሳ አራት ደረጃ ያለውን የእግረኛ ድልድይ ትወጣለች። ጎማ ጠጋኙ ጋ ሲደርሱ ነፋስ «ፍስስስ» ብሎ ከወጣ መንገዱን ለመቀጠል አሥር ደቂቃ ይወስድባታል። አክስቴ አብራት ትቆማለች።

በመጀመሪያው ቀን እናቴ መርፌ ጠብቃ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ግን መድኃኒት የሚባል ነገር የለም። ወፍራም ምንጣፍ፣ ሁለት ወንበር፣ የተጠቀለለ ፍራሽ፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ትልቅ የላስቲክ ኳስ፣ በመስኮቱ ማዶ ደግሞ የታጠበ ልብስ የተሰጣበት ገመድ። ሐኪሟ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ልጅ ነች፤ በካልሲ ነው የምትሄደው።

«የት መቀመጥ ይፈልጋሉ እትዬ?»

እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ በሩን ፊት ለፊት የምታይበት ቦታ መረጠች።

«ጥሩ። አይቸኩሉ። ዓይንዎ ደስ ያለውን ነገር ይመልከት። ምን አየ?»

«የምንጣፉ ጠርዝ በደንብ አልተሰፋም።»

ሐኪሟ ሳቀች። እናቴም ሳታስበው ፈገግ አለች። ልጅቷ ይሄኔ «አሁን ፈገግ ሲሉ ትከሻዎ ምን ሆነ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ምን ይሆናል? ምንም አይሰማኝም።»

«ይሁን። ያ ምንም የማይሰማዎት ነገር የት ጋ ነው ያለው?»

ሲመለሱ እናቴ መንገዱን ሁሉ ስታጉረመርም ነበር። «ምንም የት ጋ ነው ትለኛለች! ምንም ቦታ አለው እንዴ? ይቺን ነው ሐኪም ብለው ያስቀመጡት?» ድልድዩን ወጥተው፣ ወርደው፣ ሌላ ሰፈር ከገቡ በኋላ ድንገት ቆመችና «ሆዴ ላይ ነው ለካ» አለች።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ሥራው ከበደ። ሐኪሟ ስለ አደጋው ብዙ አትጠይቅም። መዳፏን ግድግዳው ላይ አድርጋ እንድትገፋ ታደርጋለች፤ እግሯ ወለሉን ሲረግጥ እንድታስተውል ታደርጋለች፤ ከዚያ ስለዚያ ቅዳሜ ጠዋት ትንሽ ታነሳና እናቴን ሲከብዳት ወዲያው ወደ መስኮቱና ወደ ተሰጣው ልብስ ትመልሳታለች። «ጠርዙን ብቻ ነው የምንነካው» ትላታለች። ሳትጠይቅ እጇን አታሳርፍባትም። በየመካከሉ ሃያ ደቂቃ ፍራሹ ላይ ታሳርፋታለች።

በሦስተኛው ቀን የእናቴ ጭኖች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። አፈረች። በሁለት እጇ ጉልበቷን ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

«አይያዙት» አለች ሐኪሟ። «ስምንት ወር ተራ ሲጠብቅ የቆየ ነው። ይውጣ።»

«ሰው ቢያየኝስ?»

«እኔ ነኝ ያየሁት። እኔም ተንቀጥቅጬ አውቃለሁ።»

እግሯ ሩብ ሰዓት ያህል ተንቀጠቀጠ። ሲያባራ እናቴ እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት፤ ኮሪደሩ ላይ የምትጠብቀው አክስቴ የማንኮራፋቷን ድምፅ ሰምታ «ይኸው፣ እታለም ተመለሰች» ብላ እንባዋ መጣ።

በነጋታው ግን እናቴ አልሄድም አለች። ሌሊቱን ሰውነቷ እንደተቀጠቀጠ ሲያማት አድሯል። «በሽታ ጨመሩብኝ እንጂ መች አዳኑኝ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አክስቴ አልተከራከረችም። ጫማዋን አውልቃ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የእናቴን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ ታሽላት ጀመር። ግማሽ ሰዓት አለፈ።

«እጅሽ ይቀዘቅዛል» አለች እናቴ።

«ውሃው ቀዝቃዛ ነው።»

«ቁጭ ብለሽ ልትቀሪ ነው?»

«ካልሄድሽ ምን አደርጋለሁ?»

እናቴ ተነስታ ጫማዋን ፈለገች። ዘግይተው ደረሱ፤ ሐኪሟም አልተቆጣችም፣ አላሞገሰችም፤ «ዛሬ እናርፋለን» ብላ ከብርድ ልብሱ ስር አስተኛቻት።

በስድስተኛው ቀን ነው ክንዱ የጀመረው። እናቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ሐኪሟ ስለ መስቀለኛው መንገድ ጥቂት ቃል ካነሳች በኋላ፣ የግራ ክንዷ ከጭኗ ላይ በራሱ ጊዜ ከፍ አለ። ወደ ግራ ጥቂት ሄደና አየር ላይ ተገትሮ ቀረ።

«ወዴት መሄድ ይፈልጋል?» አለች ሐኪሟ።

«እኔ በምን አውቄ? እሱን ጠይቂው።»

«እንጠይቀዋ። አይርዱት፣ አይከልክሉትም። ብቻ ይከተሉት።»

ክንዱ በጣም በቀስታ ሌላ አንድ ስንዝር ተጓዘና እንደገና ቆመ። እናቴ ያን ጊዜ ነው የተሰበረችው። ለማንም ያልነገረችውን ለዚያች ካልሲ ለባሽ ልጅ ነገረቻት። የጭነት መኪናውን ቀድማ አይታዋለች። ከአክስቴ በፊት። «ተጠንቀቂ» ማለት ነበረባት፤ አፏ ተያዘ። ከዚያ በኋላ ያለው ባዶ ነው። «ይሄ ክንድ ራሴን ልከልልበት ያነሳሁት ነው» አለች። «እህቴን ዝም ብዬ እያየሁ ለራሴ ተከለልኩ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳትን ልጅ!»

ሐኪሟ «አይደለም» አላለቻትም። «ክንድዎ ገና መንገዱን አልጨረሰም። የት እንደሚሄድ እስኪያሳየን ፍርዱን እናቆየው» ነው ያለቻት። ቀጥላም በነጋታው የምታምነው ሰው አጠገቧ እንዲቀመጥ ትፈልግ እንደሆነ ጠየቀቻት። እናቴ እንባዋን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። «እህቴ ውጭ አለች» አለች በመጨረሻ።

በሰባተኛው ቀን እኔም ዕረፍት ነበርኩ። እናቴ «አንቺም ግቢ፣ ሁለት ጊዜ ከማወራ» ስላለችኝ በሩ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለቱን ወንበሮች ጎን ለጎን አደረጓቸው፤ እናቴ በቀኝ፣ አክስቴ በግራ። አክስቴ ለፈተና እንደቀረበ ተማሪ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊት ለፊቷን ታያለች። ትናንት የሆነውን ማንም ለአክስቴ አልነገራትም። ሐኪሟ በዝግታ ጀመረች፤ እግር፣ ወለል፣ ትንፋሽ፣ መስኮት፣ ከዚያ መንገዱ።

የእናቴ ክንድ ተነሳ። ወደ ግራ ሄደ፣ ቆመ፣ እንደገና ሄደ። ጣቶቿ ተዘረጉ። ክንዷ በአክስቴ ፊት ለፊት ተጋድሞ አለፈና መዳፏ ደረቷ ላይ አረፈ፤ ሕፃን ልጅ ከአልጋ እንዳይወድቅ የሚይዙት ዓይነት አያያዝ።

አክስቴ ጮኸች። በሕይወቴ ብዙ ጩኸቷን ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አልሰማሁም። ከጎረቤት ክፍል ሰው በሩን አንኳኳ።

«እሷው ናት!» አለች የእናቴን እጅ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ እየጫነች። «እታለም፣ እሷው ናት! እዚችው ጋ!»

«ምኗ?» አለች እናቴ።

«ክንድሽ ናታ! የደህንነት ቀበቶው ከትከሻዬ ወደ ታች ነበር ያበለዘኝ። እዚህ ጋ ደግሞ አግድም የሆነ ሌላ ብልዝ ነበረኝ። ሐኪሙ ምን አለኝ መሰለሽ? መሪው ጎድንሽን ያልሰበረው በመካከል አንድ ነገር ስለገባ ነው አለኝ። ያ ነገር ያንቺ ክንድ ነው። በእኔ ደረትና በመሪው መሀል ነው የተሰበረው።»

እናቴ ክንዷን አየች፣ አክስቴን አየች። «ታውቂ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

አክስቴ አንገቷን ደፋች። «ምን ብዬ ልንገርሽ? ያን ቀን ስለዚያች ጎረቤታችን እያወራሁሽ ነበር፤ እንድትስቂልኝ ብዬ ፊቴን ወዳንቺ አዞርኩ። መንገዱን አላየሁም። እኔ በወሬዬ ላጠፋሁት አንቺ ክንድሽን ከፈልሽ። ከዚያ በኋላ አንቺ ፊት አፌን ስከፍት ራሴን እጠላው ጀመር።»

«እኔ ደግሞ ቀድሜ አይቼው ዝም አልኩ» አለች እናቴ። «አፌ ተያዘ፣ ጥሩምባዬ። አንድ ቃል ብናገር ኖሮ...»

«አፍ ምን ያደርጋል እታለም? የእኔ መች ተዘግቶ ያውቃል፣ ምን ጠቀመ?»

መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ነች። ከዚያ ሁለቱም መሳቃቸውም ማልቀሳቸውም አልለይ አለ። ትከሻቸው አብሮ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሟ አንድ ብርድ ልብስ አምጥታ ሁለቱንም ሸፈነቻቸውና ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች። እኔ መሐረቤ ረጥቦ በሻርፔ ነበር እንባዬን የማብሰው።

ነገሩ ሲበርድ ሐኪሟ የአክስቴን እግር አየች። «እርስዎስ? ቀኝ እግርዎ ምን እየሠራ ነው?»

አክስቴ ዝቅ ብላ ተመለከተች። የባዶ እግሯ ጣቶች ነጭ እስኪሆኑ ምንጣፉን ተጭናለች። «ፍሬን እየረገጥኩ ነው መሰለኝ» አለች እንደ ሕፃን ተገርማ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ እንጃ። ጫማዬ በዚህ በኩል ነው የሚያልቀው።»

«እርስዎም የራስዎ ቀጠሮ ያስፈልግዎታል።»

«እኔ አጃቢ ነኝ!» አለች አክስቴ ተቆጥታ፤ እግሯን ግን አላነሳችም።

ከዚያ በኋላ ነገር ሁሉ ወዲያው ተስተካከለ ብል ውሸት ነው። በስምንተኛው ቀን እናቴ ቀኑን ሙሉ ያለምክንያት ተናደደች፤ የሐኪሟን ካልሲ ሳይቀር ነቀፈች። በዘጠነኛው ጥሩ ሆነች። በአሥራ አንደኛው ቀን ግቢው ውስጥ በቆመች የሐኪሟ መኪና ውስጥ አስቀመጧት፤ ሞተሩ ጠፍቷል፣ አራቱም በር ተከፍቷል። አራት ደቂቃ ቆየችና ላቧ በጀርባዋ እየወረደ ወጣች። ሐኪሟ «አምስተኛውን ደቂቃ ለራስዎ ያቆዩት፣ አይጠፋም» አለቻት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተሰነባበቱ። እናቴ ለሐኪሟ ስጦታ አላመጣችም፤ ክርና መርፌ ይዛ ሄዳ የምንጣፉን ጠርዝ ተንበርክካ ሰፋችላት።

አሁን አምስት ወር ሆኗል። ትከሻዋ ወርዷል፤ ስትደክም ወይም ሲበርዳት ትንሽ ከፍ ይላል፤ ያን ጊዜ ራሷ ታውቅበታለች፣ እግሯን ወለሉ ላይ አመቻችታ ትጠብቀዋለች። አውቶቡስ ትሳፈራለች፤ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ። የፍሬን ድምፅ አሁንም ያስደነግጣታል፤ ድንጋጤው ግን መጥቶ ይሄዳል፣ እንደ ድሮው ቤት ሠርቶ አይቀመጥም። አክስቴም ከብዙ እንቢታ በኋላ የራሷን አሥራ ሁለት ቀን ጨረሰች። ኮሪደሩ ላይ የጠበቀቻት እናቴ ናት፤ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ ስትሰማ ሁለት ጊዜ ተይዛለች።

ባለፈው እሁድ ጠዋት የባሌን መኪና ይዘን ከሰፈራችን ጀርባ ወዳለው ባዶ ሜዳ ሄድን። አክስቴ ከአደጋው ወዲህ መሪ ይዛ አታውቅም። እኔ ከጎኗ ተቀመጥኩ። እናቴ «እኔ ከዚህ ሆኜ አያችኋለሁ» ብላ ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አክስቴ መቀመጫውን አስጠጋች፣ መስታወቱን አስተካከለች፣ ቀበቶዋን አሰረች፣ ፈታች፣ ደግማ አሰረች። 

የኋላው በር ሲከፈት ሁለታችንም ዞር አልን። እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ መሀል ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች።

«በሉ እንሂድ» አለች። «ብቻ ቀስ በይ፤ ፍጥነትሽ በዝቷል።»

«እታለም፣ ሞተሩን እኮ ገና አላስነሳሁም!»

«ቢሆንም ቀስ በይ።»

አክስቴ ሞተሩን አስነሳች። ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞርነው፣ ቆቅ በእግሯ ከምትሄደው ባነሰ ፍጥነት። እኔ ዓይኔን ከፊታችን አልነቀልኩም። እነሱ ግን ስለዚያች ጎረቤታችን ሲያወሩ ነበር።